ከካሴቱ ያልሰማሁት ስዊኒ ቶድ

አንድን የጥበብ ሥራ ለረጅም ዓመታት ወድዶ መኖርና ያንኑ ሥራ ሕይወት ዘርቶ ከፊት ለፊት ማየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። «ስዊኒ ቶድ» የተሰኘውን የአሜሪካኖች ሙዚቃዊ ቴአትር ከሃያ ዓመት በላይ የማውቀው በጆሮዬ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ከአንድ ወዳጄ ተውሼ ያስቀዳሁት ካሴት ነበረኝ። ካሴቱ እየላላ ድምፁ ሲጎተት በሲዲ ተካሁት። ግጥሙን ከሞላ ጎደል በቃሌ ይዤዋለሁ። የትኛው የሙዚቃ መሣሪያ የት ላይ እንደሚገባ፣ የትኛው ዘፋኝ የት ላይ ትንፋሹን እንደሚስብ አውቃለሁ። እናም እ.ኤ.አ. በ2023 ለሌላ ጉዳይ ኒውዮርክ በሄድኩበት ወቅት ለንት-ፎንታን ቴአትር ቤት ስገባ የጠበቅሁት የማውቀውን ነገር ከፍ ባለ ድምፅ ደግሜ መስማት ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገጠመኝ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ላይ ከማላውቃቸው ከሺህ በላይ ሰዎች ጋር አብሬ ከልቤ ሳቅሁ። በሁለተኛው ገቢር ደግሞ ያንን ሳቅ መልሼ ለመዋጥ ስታገል አመሸሁ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ሳቅ ነው።

ታሪኩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላውጋ። መጨረሻውን ሳይገልጡ ስለዚህ ሥራ መናገር ስለማይቻል፣ ሳያውቅ ማየት የሚሻ አንባቢ ቢኖር እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል። ቤንጃሚን ባርከር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለንደን የሚኖር፣ ቆንጆ ሚስትና ሕፃን ልጅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሚስቱን የተመኘ ተርፒን የሚባል ዳኛ በሐሰት ወንጅሎ ወደ አውስትራሊያ ያግዘዋል። ባርከር ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስሙን ስዊኒ ቶድ ብሎ ይመለሳል። ከቀድሞ መኖሪያው ሥር ፓይ እየጋገረች የምትሸጥ ወይዘሮ ላቬት የምትባል ድኻ ሴት ያገኛል። ፓይ እንደኛ ሳምቡሳ ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ፣ ነገር ግን በዘይት ሳይሆን በምድጃ የሚበስል የእንግሊዞች ምግብ ነው። ላቬት ሚስቱ በዳኛው ከተደፈረች በኋላ መርዝ መጠጣቷን፣ ልጁ ጆአና ደግሞ በዚያው ዳኛ ቤት ማደጓን ትነግረዋለች። ደብቃ ያቆየችለትን የብር እጀታ ያላቸውን ምላጮቹንም ታስረክበዋለች። ቶድ ዳኛውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ጉሮሮውን ሊቆርጥ ሲል ሰው ዘው ብሎ ይገባና ዳኛው ያመልጠዋል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ በቀሉ ከአንድ ሰው ወደ ሰው ሁሉ ይዞራል። ሬሳው የት ይግባ ለሚለው ጥያቄ መልስ የምታመጣው ላቬት ናት። ሥጋ ተወዷል፤ ፓዩ ደግሞ ሥጋ ይፈልጋል።

ምክንያት ያገኘ ነፍሰ ገዳይ

ቶድ ወደ ብሮድዌይ ከመምጣቱ በፊት ረጅም ዕድሜ ኖሯል። በ1846 እና በ1847 ለንደን ውስጥ በተከታታይ በወጣ ርካሽ ልብ ወለድ ብቅ አለ። ልብ ወለዱ ገና ሳያልቅ በ1847 ጆርጅ ዲብዲን ፒት ወደ መድረክ አመጣው። ያ የድሮው ቶድ ገንዘብ የሚያሳድድ ነፍሰ ገዳይ ብቻ ነበር። ተመልካች ይፈራዋል፣ ይጠላዋል፣ ሲያዝ ይደሰታል።

ግፍ የደረሰበት ሰው ያደረገው ክሪስቶፈር ቦንድ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት ነው። እስጢፋን ሶንዳይም በ1973 ለንደን ውስጥ የቦንድን ተውኔት አየና ልቡ ተነካ። ከዚያ ሂዩ ዊለር ድርሰቱን፣ ሶንዳይም ዜማውንና ግጥሙን፣ ሃሮልድ ፕሪንስ ዝግጅቱን ይዘው ማርች 1 ቀን 1979 በብሮድዌይ አስመረቁት። ሌን ካሪዩ ቶድን፣ አንጄላ ላንስበሪ ላቬትን ሆነው ተጫወቱ። 557 ጊዜ ታየ፤ የዓመቱ ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር የሚለውን ጨምሮ 8 የቶኒ ሽልማቶችን ወሰደ። እኔ በካሴት የሰማሁት የእነዚህን ሰዎች ድምፅ ነው።

ይህ የምክንያት ጉዳይ ቀላል አይደለም። ነፍሰ ገዳዩ ምክንያት ባገኘበት ቅጽበት ተመልካች ወገን ይይዛል። እኔም ይዤ ነበር። ደም መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር የማያስፈልገው ሕዝብ ልጅ ነኝና የቶድ ቁጭት ለመረዳት ያስቸገረኝ ቀን የለም። ሚስቱን የነጠቀ፣ ልጁን የወሰደ፣ ዕድሜውን የበላ ዳኛ ከፊቱ ቆሟል፤ ሕግ የሚባለውም ራሱ ዳኛው ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? ለብዙ ዓመታት ካሴቱን የሰማሁት በዚህ ስሜት ነው። ዳኛው ሲያመልጥ እኔም አብሬ ተናድጃለሁ።

ነገር ግን በእኛም ዘንድ ቢሆን ደም አድራሻ አለው። ገዳዩ ይታወቃል፤ ወገኑ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ገብቶ በካሳ የሚያበርድበት መንገድም ይታወቃል። ቶድ የሚያጠፋው ይህንን አድራሻ ነው። ዳኛው ካመለጠ በኋላ በሚዘፍነው ዘፈን የሰው ልጅ ሁሉ ሞት ይገባዋል፤ ክፉው ስለ ክፋቱ፣ ምስኪኑም ከመከራው እንዲያርፍ ይሙት ብሎ ይፈርዳል። ይህን ፍርድ በካሴት ስሰማ «እንዴት ያለ ዘፈን ነው!» እል ነበር። የፍርዱ ተካፋይ መሆኔን ያወቅሁት ግን ቴአትር ቤቱ ውስጥ ነው።

ድምፁን መቀነስ አይቻልም

ሥራው የሚጀምረው እንደ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በሚያንጎራጉር ሙዚቃ ነው። ወዲያው ጆሮ የሚበሳ የፋብሪካ ፉጨት ይጮኻል። ይህ ፉጨት ደም በሚፈስባቸው ቅጽበቶች ይመለሳል። ቤቴ ሆኜ ስሰማ እጄን ወደ ማጫወቻው ሰድጄ ድምፁን ዝቅ አደርግ ነበር። ቴአትር ቤት ውስጥ ዝቅ የሚያደርግ እጅ የለም። አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት እናት ክው ብለው ደረታቸውን ሲይዙ አየሁ። ፉጨቱ የቴአትሩ ጌጥ ሳይሆን ሕጉ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፦ እዚህ ቤት የሚሆነውን እናንተ አትመርጡም ማለቱ ነው።

በ1979ኙ ዝግጅት ፕሪንስ ታሪኩን የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ አብዮት ታሪክ አድርጎት ነበር። የመድረክ ንድፍ ባለሙያው ዩጂን ሊ ከሮድ አይላንድ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ የመጡ እውነተኛ ብረቶችን መድረኩ ላይ ተከለ። ሶንዳይም በበኩሉ ያሰበው ሰው የሚያስደነግጥ ትንሽ የሽብር ተውኔት ነበር። ሙዚቃውን ሲሠራ «ሃንግኦቨር ስኩዌር» ለተባለው የ1945 ፊልም በርናርድ ኸርማን የደረሰው ማጀቢያ ሲመላለስበት ኖሯል። «ዲየስ ኢሬ» የሚባለውን ጥንታዊ የላቲን የፍትሐት ዜማም እየቆራረሰ በየቦታው ሸሽጎታል። የማያውቀው ሰው እንኳን ስሙን ሳይጠራ ሞት መሽተቱን ያውቃል።

ቶማስ ኬይል ያዘጋጀው የ2023ቱ ትርኢት ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ነው። ጆናታን ቱኒክ ለ1979ኙ ያቀናበረውን ሙሉ ቅንብር በ26 ሙዚቀኞች አስመለሰ። በዘመናችን የብሮድዌይ ቴአትር ቤቶች ይህን ያህል ሙዚቀኛ መቅጠር ብርቅ ነው። ዝቅተኞቹ ክሮች ሲመቱ ድምፁ ከጆሮዬ ይልቅ በተቀመጥኩበት ወንበር በኩል ደረሰኝ። የመብራት ባለሙያዋ ናታሻ ካትዝና የድምፅ ባለሙያው ኔቪን ስታይንበርግ በዚህ ሥራ የቶኒ ሽልማት ማግኘታቸው አያስገርምም።

ሳቁ

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ቶድ የሰውን ልጅ ሁሉ ከፈረደበት ዘፈን ቀጥሎ፣ አንዲት ደቂቃ እንኳን ሳይሰጠን፣ ሶንዳይም በቴአትሩ ውስጥ እጅግ የሚያስቀውን ዘፈን አስቀምጧል። ቶድና ላቬት ወደ ጎዳናው እያዩ ከአላፊ አግዳሚው የትኛው ምን ዓይነት ፓይ ይወጣዋል እያሉ በዋልዝ ስልት ይቀላለዳሉ። ቄሱ እንዴት ይጣፍጣል? ጠበቃውስ? ገጣሚውስ? እያንዳንዱ ሙያ ከጣዕሙ ጋር በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ተገምዷል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ዘፈን አለመውደድ አይችልም።

ብቻዬን ስሰማው ፈገግ የምለው በቃላቱ ብልሃት ነበር። አእምሮ አእምሮን ሲያደንቅ ማለት ነው። ቴአትር ቤት ውስጥ ግን ሳቅ የአእምሮ ሳይሆን የሆድ ሥራ ነው። አናሊ አሽፎርድ ላቬትን ሆና ቀልዱን በዐይኗ፣ በትከሻዋ፣ በእግሯ ጭምር ስትጫወት አንዱ ረድፍ ሌላውን እየቀሰቀሰ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ቀድሜ የማውቀውን ቀልድ እንደ አዲስ ሳቅሁበት። ከሁለት ደቂቃ በፊት ሁላችን እንድንሞት ተፈርዶብን ነበር። አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ሥጋ ጣዕም እየተሳሳቅን ነው።

ዘፈኑ አለቀ፣ መብራት በራ፣ ዕረፍት ሆነ። ሰው ሁሉ ዜማውን እያፏጨ መጠጥና ብስኩት ሊገዛ ተሰለፈ፤ እኔም ከሰልፉ ነበርኩ። ሁለተኛው ገቢር ሲከፈት መድረኩ ላይ ያየነው ምን መሰላችሁ? የላቬትን ፓይ እያጋበሱ «ጨምሪልን» የሚሉ፣ አፋቸውን የሚልሱ ደንበኞች። ፍርፋሪውን ከከንፈራችን ሳንጠርግ ተመልሰን ራሳችንን አየን። ካሴት ውስጥ ዕረፍት የለም፤ አንዱን ገጽ ገልብጦ ሌላውን ማስገባት ብቻ ነው። በሁለቱ ገቢሮች መካከል ያለው ያ ሩብ ሰዓት የድርሰቱ አካል መሆኑን ከካሴቱ ልሰማ የምችልበት መንገድ አልነበረኝም።

ወንበሩና ለማኟ

በሁለተኛው ገቢር ቶድ ስለ ልጁ ስለ ጆአና የሚዘፍነው ዘፈን አለ። በመላው ሥራ ውስጥ እንደዚህ ያለ ለስላሳ ዜማ ጥቂት ነው። ለብዙ ዓመታት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የምሰማው ይህንን ነበር። መድረክ ላይ ሲታይ ግን ቶድ ይህን ዜማ የሚዘፍነው የደንበኞቹን ጉሮሮ እየቆረጠ ነው። አንዱ ይቀመጣል፣ ይቆረጣል፣ ወንበሩ ይዘነበላል፣ ሬሳው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ቀጣዩ ይመጣል። በድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ልጁን እየረሳ መሆኑን በሚያምር ዜማ ይናገራል፤ እጁ ግን ሥራውን ይሠራል። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ይህ ግን ከተረቱ ያልፋል፤ ቂሙ ራሱ ጸሎት ሆኗል።

በዚሁ ትዕይንት ውስጥ ካሴቱ ፈጽሞ ሊነግረኝ የማይችል አንድ ነገር አለ። አንድ ደንበኛ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ይመጣል። ቶድ ጢሙን ላጭቶ በሰላም ይሸኘዋል። ተመልካቹ በረጅሙ ተነፈሰ፤ አንዳንዱም ሳቀ። እኔ ግን ራሴን ጠየቅሁ፦ ከእርሱ በፊት የሄደው ሰው ቤቱ ሚስትና ልጅ አልነበሩትም? ያዳነው ምሕረት አይደለም፤ የሚያይ ዐይን መኖሩ ነው። እኛ ሺህ ተመልካቾችስ እያየን አልነበረም? የእኛ ማየት ግን ማንንም አላዳነም።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረችኝ ለማኟ ናት። ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ አንዲት ያበደች ሴት በየመንገዱ ምጽዋት ትለምናለች፤ ወዲያው ደግሞ ጸያፍ ነገር እየተናገረች ወንዶችን ትጣራለች። ገና ስታገኘው ቶድን አተኩራ አይታ የምታውቀው እንደሚመስላት ትጠይቀዋለች፤ እርሱ ያባርራታል። በመጨረሻ ዳኛው ከመምጣቱ በፊት ከመንገዱ ገለል እንድትልለት ብቻ በችኮላ ያርዳታል። ዳኛውንም ገድሎ በቀሉን ከፈጸመ በኋላ ፊቷን በምድጃው እሳት ብርሃን ሲያየው ሚስቱ ሉሲ ናት። መርዙ አልገደላትም ነበር። ላቬት «ጠጣች» አለች እንጂ «ሞተች» አላለችም።

ሶንዳይም ምስጢሩን ከመጀመሪያው ለጆሯችን ሰጥቶናል። ሉሲ በዳኛው ቤት የተዋረደችበት ግብዣ ሲተረክ የሚሰማው የዳንስ ዜማና ለማኟ ወንዶችን የምትጣራበት ዜማ አንድ ነው። ይህንን ከካሴቱ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ በዚህም ዕውቀቴ እኮራ ነበር። ሆኖም በዚያ ምሽት ሩቲ አን ማይልስ ለማኟን ሆና መድረኩን ባቋረጠች ቁጥር ዐይኔ የሚከተለው ላቬትን ነበር። አሽፎርድ የሚያስቅ ነገር ልታደርግ ትችላለች ብዬ ነው። ማንነቷን እያወቅሁ አላየኋትም። ቶድስ ከዚህ የተለየ ምን አደረገ? እርሱ ቢያንስ አላወቀም ነበር።

የማይዋጥልኝ

ይህን ሁሉ ስል ትርኢቱ እንከን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። ቶድን የተጫወተው ጆሽ ግሮባን በድምፁ የታወቀ ዘፋኝ ነው፤ ድምፁም ዝናው የማያንስበት ነው። የጆአናን ዘፈን እርሱ እንደዘፈነው አምሮ ሰምቼው አላውቅም። ችግሩ ማማሩ ነው። የሰው ልጅ ይሙት ብሎ በሚፈርድበት ዘፈን ላይ የእኔ ልብ የድምፁን ውበት ሲያደንቅ ተያዘ። ካሪዩ በካሴቱ፣ ጆርጅ ኸርንም በ1982 በቴሌቪዥን በቀረበው ቅጂ ላይ ይህን ዘፈን ሲዘፍኑ ድምፃቸው የሚሰነጠቅበት ቦታ አለ። በዚያ ስንጥቅ በኩል ያበደውን ሰው እናያለን። የግሮባን ድምፅ አይሰነጠቅም፤ ስለዚህ ቶድ ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጨለማው ነው። መብራቱ እጅግ ውብ ቢሆንም እንደ እኔ ከሰገነቱ የኋላ ረድፍ የተቀመጠ ሰው የተዋንያኑን ፊት በወጉ አያይም። የማየትና ያለማየት ጉዳይ ዋና ነገሩ በሆነ ሥራ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

የአሽፎርድን ላቬት በተመለከተ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ሲጀመር ቀልዱ በዛ፣ ነፍሰ ገዳይነቷ ተረሳ ብዬ ነበር። በኋላ ጌተን ማታራዞ የተጫወተው ቶቢ የተባለው ልጅ እጠብቅሻለሁ ብሎ ይዘፍንላታል። እርሷም እቅፍ አድርጋ ዜማውን መልሳ ትዘፍንለታለች፤ ቀጥላ ከምድር ቤት ወስዳ ትቆልፍበታለች። እስከዚያ ድረስ ባትወደድ ኖሮ ይህ ትዕይንት አይቆረጥምም ነበር። የዚህ ታሪክ ክፋት ሽርጥ ታጥቆ የሚስቅ ክፋት ነው፤ መወደድ አለበት።

በቴአትር ቤት ብቻ

ይህን ሥራ በሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ። ቲም በርተን በ2007 ፊልም አድርጎታል። ጆኒ ዴፕና ሄለና ቦንሃም ካርተር የተጫወቱበት ይህ ፊልም የዝማሬ ቡድኑን የመግቢያ መዝሙር ትቶታል። ደሙ በዝቶ ይታያል፤ ሳቁ ግን ተመናምኗል። ጆን ዶይል በ2005 በብሮድዌይ ባቀረበው ዝግጅት ኦርኬስትራውን አስቀርቶ ዐሥሩ ተዋንያን ራሳቸው እየተጫወቱ ራሳቸው አጀቡት። በ2014 ደግሞ ደቡብ ለንደን ቱቲንግ ውስጥ በእውነተኛ ፓይ ቤት ተመልካቹ ከጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ አየው። ይኸው ዝግጅት በ2017 ኒውዮርክ ሲመጣ ፓይ እየቀረበ ነበር። የኋለኞቹ አዘጋጆች የገባቸው ነገር ለእኔ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል፦ ስዊኒ ቶድ ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይ የሚናገር ታሪክ ሳይሆን ስለሚበላው ሰው የሚናገር ታሪክ ነው።

በመጨረሻ ሙታኑ ሁሉ ተነሥተው ከዝማሬ ቡድኑ ጋር ይቆማሉ። በቀል የሚሻ ሰው እዚህም እዚያም አለ እያሉ ጣታቸውን ወደ ተመልካቹ ይቀስራሉ፤ ወደ ምድር፣ ወደ ሰገነት፣ ወደ ኋላ ረድፍ። ካሴት ጣት የለውም።

ትርኢቱ በሜይ 2024 ተዘግቷል። ሶንዳይምም በኖቬምበር 2021፣ ላንስበሪም በኦክቶበር 2022 አርፈዋልና ይህን ምሽት አላዩትም። እኔ ወደ ቤቴ ተመልሼ የድሮውን ቅጂ እንደገና ከፈትሁ። ያ ቅጂ በስቱዲዮ የተቀዳ ስለሆነ የተመልካች ድምፅ የለበትም። የመጀመሪያው ገቢር የመጨረሻ ዘፈን ሲያበቃ አንዲት ትንሽ ጸጥታ አለች። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፍኳት ጸጥታ ናት። አሁን እዚያ ላይ ስደርስ የጎደለውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ሳቅ ነው።